በነጠላው ውስጥ የተገኘው ቅርንፉድ

ወይዘሮ የወይንሐረግ ከግቢያቸው ሮቶ ሥር በጀርባቸው ተዘርረው ሲገኙ፣ ሮቶው እስከ አፉ ሞልቶ ይፈስ ነበር። ሰበታ ውስጥ ውሃ የመጣ ቀን ሰፈሩ ሁሉ ባልዲና ጀሪካን ይዞ ይሯሯጣል እንጂ ጎረቤት ምን ሆነ ብሎ የሚዞር የለም። የዚያን ዕለት ጠዋት ግን ሰው ሁሉ ባልዲውን መንገድ ላይ እያስቀመጠ ወደ ግቢው ገባ። ውሃው ከላይ እየተንጠባጠበ የሟቿን የክት ጫማ ሲያርሰው ቧንቧውን ለመዝጋት ያሰበ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም።

ኢንስፔክተር ራህመት እንደ ደረሰች መጀመሪያ ያደረገችው ቧንቧውን መዝጋት ነው። ከዚያ ግቢውን በዓይኗ ቃኘች። ራህመት ሥራ ላይ ከንፈሯን ግጥም ታደርጋለች፤ ሲያስቃትም መዳፏን ወደ አፏ ትልካለች። ይህን ሁሉ ዘመን ፖሊስ ሆና ስትሠራ ጥርሷን በወጉ ያየ ባልደረባ የለም። አንዳንዱ ኮስታራ ናት ይላል፣ አንዳንዱ ኩራተኛ። እሷም አላስተባበለችም።

ሳጅን ገብረየስ ሥራውን ጨርሶ ጠበቃት፤ እሱ እንደ መሰለው ማለት ነው።

«ሰውዬው ተይዟል፣ ኢንስፔክተር» አላት። «ተከራያቸው ነው፣ ሀሰኖ የሚባል ግንበኛ። ትናንት በውሃ ወረፋ ሲጨቃጨቁ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ዛሬም ጠዋት ከሮቶው ሲቀዳ ታይቷል። ሴትዮዋ ውሃ ሊያዩ መሰላል ሲወጡ ገፍቷቸዋል፣ አለቀ።»

«አመነ?»

«ማን ያምናል ብለው ነው! አልነካኋቸውም ይላል።» ገብረየስ ጉሮሮውን ጠረገ። «ደግሞ… የሀላባ ሰው ነው። የእርስዎ አገር ሰው።»

«እና?»

«ኧረ ምንም። ሰው እንዳያወራ ብዬ ነው።»

ነገሩ ራህመት ሆዷ ውስጥ ቀረ። ሀሰኖን ነፃ ብታወጣው ለአገሯ ልጅ አዳላች ሊባል ነው፤ ብትተወው ደግሞ ንጹሕ ሰው ሊታሰር። ከሬሳው አጠገብ ቁጢጥ አለች።

«እኚህ ሴት በምርኩዝ ነበር የሚሄዱት?»

«አዎ፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል አሉ። ምርኩዙ ያው እዚያ ግድግዳው ጋ ነው።»

«ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሴት የክት ቀሚስና የክት ጫማ አድርገው መሰላል ይወጣሉ? ያውም ሞልቶ በሚፈስ ሮቶ ውስጥ ምን ሊያዩ?»

ገብረየስ ጭንቅላቱን አከከ።

«የመሰላሉን እግር እየው» አለችው። «የቆመው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ነው። መሰላሉ ቀድሞ ቆሞ ቢሆን ነጠላው ከላይ ይወድቅበት ነበር እንጂ ከሥሩ አይገባም። መጀመሪያ ሰው ወደቀ፤ መሰላል ኋላ መጣ። ደሙም ያለው የሮቶው መቆሚያ ሲሚንቶ ጠርዝ ላይ ነው። ከላይ አልወደቁም፤ ከቆሙበት ተገፍተው ነው።»

ነጠላውን ቀስ ብላ ገለጠች። አዲስ ታጥቦ የታጠፈበት መስመር እንኳ ገና አልጠፋም። ከእጥፋቱ ውስጥ አንዲት ትንሽ ጥቁር ነገር መዳፏ ላይ ወደቀች። ቅርንፉድ ናት፤ በጥርስ የታኘከች፣ ገና እርጥብ የሆነች።

የሟቿ ልጅ መሰረት የሌሊት ፈረቃዋን ሠርታ ከፋብሪካ ስትመለስ ነው እናቷን ወድቃ ያገኘቻት። ራህመት ጓዳ አስገብታ አነጋገረቻት። ልጅቷ ማልቀስ እንኳ ደክሟት ነበር።

«ነጠላውን አጥቤ ሳጥን ውስጥ ያስቀመጥኩላት እኔ ነኝ» አለች። «ትናንት ማታ ወደ ሥራ ስወጣ እዚያው ሳጥኑ ውስጥ ነበር። የት ልትሄድበት እንዳወጣችው እኔ እንጃ።»

«ጥርስሽን ያምሻል?»

«እኔን?» መሰረት ግራ ገባት። «አያመኝም። ምነው?»

«እንዲያው ነው። ወንድም አለሽ አሉ፤ ከእናንተ ጋር ነው የሚኖረው?»

በዚህ ጊዜ የመሰረት ፊት ትንሽ በራ። «ዓምና ነው ያገኘነው። ዝዋይ ማዶ እርሻ ካምፕ ውስጥ ነበር የምንኖረው፤ ሁለታችንም እዚያው ተወልደን የካምፑን ጉድጓድ ውሃ ጠጥተን ነው ያደግነው። ሕዝቅያስ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው አባታችን ይዞት ጠፋ። እማዬ ያልጠየቀችው ሰው፣ ያልተሳለችበት ታቦት የለም። ዓምና ራሱ መጥቶ በሩን አንኳኳ።»

«በምን አወቃችሁት?»

«የካምፑን ነገር ሁሉ ያውቃል። የውሻችንን ስም ሳይቀር!» ልጅቷ በእንባዋ መሃል ፈገግ ማለት ቃጣትና ቶሎ ብላ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈነች። ራህመት ግን ቀድማ አይታዋለች። በጥርሷ ላይ ቡናማ ቀለም ዥንጉርጉር ብሎ ተኝቷል። ራህመት ይህን ቀለም በየማለዳው መስተዋት ውስጥ ታየዋለች።

«ኢንስፔክተር» አለች መሰረት እጇን ይዛ። «የገደላትን ይያዙልኝ። ወንድሜን ግን በጥያቄ አያስጨንቁብኝ። ከእንግዲህ ያለኝ እሱ ብቻ ነው።»

ራህመት «እሺ» ማለት ፈለገች። እጇን ግን ቀስ ብላ አስለቀቀችና ለለቅሶው ወደ ተተከለው ድንኳን ወጣች።

ሕዝቅያስ ድንኳኑ ውስጥ ከለቀስተኛ መሃል ተቀምጦ ነበር። ቆሎ ሲዞር እንለፈው አለ፤ የሰጡትን ሻይ አንዴ ፉት ብሎ ፊቱን አጨማደደና አስቀመጠው። መልከ መልካም ነው፤ ዓይኑ በለቅሶ ቀልቷል። ለቅሶውም የውሸት አልነበረም። ራህመት ብዙ የውሸት ለቅሶ አይታለች፤ ይሄኛው ከአንጀት ነው።

«ጠዋት የት ነበርክ?»

«ቡራዩ፣ ሥራ ልጠይቅ። ጎህ ሳይቀድ ነው የወጣሁት። እማዬ ተኝታ ነበር፤ ሳላያት ሄድኩ።» ዓይኑን ጠረገ። «ሳላያት።»

«ለባብሰው ነው የተገኙት። የት ሊሄዱ ነበር?»

«ቤተ ክርስቲያን ይሆናላ።»

«ጥርስህ ያምራል» አለችው በድንገት። «እህትህን ግን የካምፑ ውሃ በልቷታል።»

ጥርስ ባዳ ነው ይባላል፤ በሐዘን ቀንም ይገለጣል። ሕዝቅያስም ሳያስበው ፈገግ አለ፤ የፊት ጥርሱ እንደ ወተት ነጭ ነው። «እኔም ነበረብኝ። በወይራ መፋቂያ ጠዋት ማታ ፍቄ አስለቀቅኩት። መሰረት ሰነፍ ስለሆነች ነው።»

ራህመት ልጅ ሳለች መፋቂያ ብላ የቆረጠችው ወይራ ቢሰበሰብ አጥር ያጥራል። በከሰል ፈግፍጋዋለች፣ በአመድ፣ በጨው፣ በሎሚ። ድዷ ደማ እንጂ ቀለሙ ንቅንቅ አላለም። እንግዲያው ይህ ሰው በምን ተአምር አስለቀቀው? ምናልባት እሷ ያልሰማችው መድኃኒት ይኖር ይሆናል ብላ ራሷን ልታጽናና ሞከረች። ስሕተቱ የእሷ ቢሆን በወደደች ነበር።

ፖሊስ ጣቢያ ሀሰኖ ግድግዳ ተደግፎ መሬት ላይ ተቀምጧል። ራህመት ለስላሳ በጠርሙስ ሰጠችውና መክፈቻ እንዳጣች አስመሰለች። ሰውዬው ሳያስቸግራት ቆርኪውን በመንጋጋው ነቅሎ ተፋው።

«ጥርስህን አያምህም?»

«የኔን ጥርስ?» ሀሰኖ ገልጦ አሳያት፤ ቡናማ ነው። «መልኩ ነው እንጂ ብረት ነው። አንድ ቀን አሞኝ አያውቅም።»

«ወይዘሮ የወይንሐረግን ጠዋት አየሃቸው?»

«አየኋቸው እንጂ! ጀሪካኔን ሞልቼ ልወጣ ስል ለባብሰው ቆመዋል። የትናንቱን ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው። 'ውሃ መጣ፣ ጸቡም ቀረ' ብለው ሳቁ። ወዴት ነው ብላቸው 'ልጄን ላሳክም' አሉኝ። ይህን ለሳጅኑ ብነግረው መች ሰማኝ!» ጠርሙሱን አስቀመጠ። «የአገሬ ልጅ ነሽ ብዬ አላስቸግርሽም፣ እህቴ። ግን እኔ ካልወጣሁ ልጆቼ ሜዳ ላይ ናቸው።»

እስከዚያ ድረስ ስለ ታመመ ልጅ ማንም ያልነገራት ራህመት፣ ቅርንፉዷን በወረቀት ጠቅልላ በቀጥታ የሄደችው ሰበታ ውስጥ ወዳለች አንዲት ጠባብ የጥርስ ክሊኒክ ነው። ጥርሱን የታመመ ሰው ቤቱ ቅርንፉድ ይነክሳል፤ ሲብስበት ወደ ዶክተር ላሊሴ ይመጣል።

«አካም ጅርቱ፣ ኢንስፔክተር!» ብላ በኦሮምኛ ሰላም አለቻት ዶክተሯ፣ ወጣትና ፈጣን ሴት።

«ፈያ፣ ዶክተር። አንድ ነገር አስረጅኝ። ይሄ የእኛ የቆላ ሰዎች የጥርስ ቀለም በመፋቂያ ይለቃል?»

ዶክተር ላሊሴ ጓንቷን አወለቀች። «አይለቅም። ቆሻሻ ቢሆን ይለቅ ነበር፤ ይሄ ግን የጥርሱ የራሱ ሥሪት ነው። ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን አለ፤ ከአለት እየሟሟ ውሃ ውስጥ ይገባል። በጥቂቱ ሲሆን መልካም ነው፤ ስኳር ስንበላ አፋችን ውስጥ የሚፈጠረው አሲድ የጥርስን ቅርፊት እንዳይሸረሽረው ያጠነክረዋል። የጥርስ ሳሙና ውስጥ የሚጨመረው ለዚህ ነው። በስምጥ ሸለቆ ጉድጓዶች ግን ይበዛል። ሕፃን ልጅ ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ እየተሠራ ሳለ ያን ውሃ ከጠጣ፣ ቅርፊቱ ሲሠራ ይበላሻል፤ ጥርሱ ይበልዛል። አዋቂ ሆኖ ወደዚያ የሄደን ሰው ጥርስ አያቀልምም። ልጅ ሆኖ የጠጣውን ደግሞ የትም ቢሄድ አይለቀውም። እኛ ብንሸፍነው እንጂ መፋቂያ አያነሳውም።»

«ደጋ ያደገ ሰውስ?»

«የደጋው ውሃ ብዙ ጊዜ ፍሎራይድ ያንሰዋል። ጥርሱ ነጭ ይሆናል፤ ካልተጠነቀቀ ግን መንጋጋው ይቦረቦራል። የቆላው ሰው ጥርሱ አይበሰብስም ማለቴ አይደለም፤ እሱም ይበሰብሳል። የነጣ ሁሉ ግን ጤነኛ አይደለም።»

ራህመት ወረቀቱን ከፍታ ቅርንፉዷን አሳየቻት፤ የሟቿንም ስም ነገረቻት። ዶክተሯ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ከዚያ የተናገረችውን ራህመት እስከ መጨረሻው ሰማችና «ይህን አንቺው ራስሽ መጥተሽ ንገሪያቸው» አለቻት። ደረጃውን ስትወርድ ከወጣችበት ይልቅ ረዘመባት።

ከሰዓት በኋላ ሳሎኑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ውጭ ድንኳኑ በሰው ሞልቷል። ውስጥ መሰረት ከወንድሟ ጋር ተጠጋግታ ተቀምጣለች፤ ሀሰኖ በካቴና ከገብረየስ አጠገብ ቆሟል፤ ዶክተር ላሊሴ በሩ ጋ ናት።

«ወይዘሮ የወይንሐረግ ከመሰላል አልወደቁም» አለች ራህመት። «መሰላሉ የቆመው በነጠላቸው ላይ ነው። ከወደቁ በኋላ አንድ ሰው አምጥቶ አቁሞታል። ነጠላው ውስጥ የታኘከ ቅርንፉድ አገኘሁ። ትናንት ማታ ሳጥን ውስጥ የነበረ ነጠላ ነው፤ ስለዚህ ቅርንፉዷ የገባችው ዛሬ ጠዋት፣ አንድ ጥርሱን የታመመ ሰው ከሳቸው ጋር ሲታገል ነው።»

ገብረየስ ወደ ሀሰኖ ዞረ።

«እሱ አይደለም» አለች። «ጥርሱን ታሞ ቅርንፉድ የሚነክስ ሰው በዚያው አፉ ቆርኪ አይነቅልም። መሰረት አልታመመችም፤ ፋብሪካም ነበረች። ትኩስ ሻይ የሚያስጨንቀው፣ ቆሎ የሚያልፈው አንድ ሰው ነው ያየሁት።»

መሰረት የወንድሟን እጅ አጥብቃ ያዘች። «ጥርስ ማመም ወንጀል ነው እንዴ?»

«አይደለም፣ መሰረት። ግን ዛሬ 'እማዬን አላየኋትም' ብሎኛል። ሌላም አለ። በቅርቡ ክሊኒክ ሄደሽ ዶክተሯ ስለ ጥርስሽ ያለችሽን ለማን ነገርሽ?»

«ባለፈው ሳምንት… ራት ላይ። 'በምንም መፋቂያ አይለቅም አለችኝ፤ ላንተ ብቻ እንዴት ለቀቀልህ?' ብዬ ሳቅኩበት።» መሰረት እየቀዘቀዘች ሄደች። «ምግቡን ትቶ ተነሳ። እማዬ 'ተይው ልጁን' ብላ ተቆጣችኝ።»

«እዚያ ካምፕ እስከ ዘጠኝ ዓመቱ ያደገ ልጅ የፊት ጥርሱ ነጭ ሊሆን አይችልም። የሁለታችሁ ውሃ አንድ ነበር።» ራህመት አረፍ አለች። ከዚያ በሕይወቷ አድርጋው የማታውቀውን አደረገች፤ በሰው ፊት ከንፈሯን ገልጣ ጥርሷን አሳየች። «የኔም አልለቀቀም። የሞከርኩትን ሁሉ እኔ ነኝ የማውቀው።»

መሰረት የያዘችውን እጅ ቀስ ብላ ለቀቀች።

«ስሜ ፍቅረሥላሴ ነው» አለ ሰውዬው መሬት መሬት እያየ። «ከሱሉልታ በላይ ነው የተወለድኩት። ለቤቱ ብዬ ነበር የመጣሁት። ኋላ ግን 'ልጄ' ስትለኝ… እኔን ማንም እንደዚያ ብሎኝ አያውቅም። ዛሬ ጠዋት እጄን ይዛ 'ና፣ ጥርስ ሐኪም ጋ እንሂድ' አለችኝ። ነቃችብኝ፣ ልታስመረምረኝ ነው ብዬ ደነገጥኩ። አልሄድም አልኳት። እየሳቀች ጎተተችኝ። እንድትለቀኝ ነው የገፋኋት። እንድትለቀኝ ብቻ።»

ራህመት ዶክተር ላሊሴን አየቻት።

«እማማ ዓምና፣ አንተ በመጣህ ሰሞን እኔ ጋ መጥተው ነበር» አለች ዶክተሯ። «'ይሄ ቀለም በመፋቂያ ይለቃል ወይ?' አሉኝ። አይለቅም አልኳቸው። ነጠላቸውን ሰበሰቡና 'እንግዲያው ይህን ነገር እዚሁ እንተወው' ብለውኝ ሄዱ።»

ፍቅረሥላሴ ቀና አለ።

«ትናንት ደግሞ መጡ። 'ልጄ ሌሊቱን ሲያቃስት ያድራል፤ ነገ መንጋጋውን እይልኝ' አሉኝ። እኔም አላስቻለኝም፤ 'እማማ፣ ይሄ ልጅ እኮ…' ብዬ ጀመርኩ። አላስጨረሱኝም። 'የኔ ባይሆንስ? ጥርሱ ያመዋል እኮ' አሉኝ።»

«ታውቅ ነበር?» አለ ፍቅረሥላሴ። «ታውቅ ነበር?» አለ እንደገና፤ በሁለት እጁ የሚያመውን ጉንጩን ይዞ እንደ ሕፃን ያለቅስ ጀመር። ገብረየስ የሀሰኖን ካቴና ፈታ፤ ለፍቅረሥላሴ ሊያስገባለት ተጠግቶ ግን ካቴናውን እንደያዘ ቆመ።

መሰረት አላለቀሰችም። «ወንድሜስ?» አለች። «እውነተኛው?»

«ፉሪ ሕንፃ ሥራ ላይ አብረን ነበርን» አለ ሰውዬው። «በአንድ ላስቲክ ቤት ነው የምናድረው። ስለ እማዬ፣ ስላንቺ፣ ስለ ውሻው አውርቶ አይጠግብም። እዚህ ሰበታ መሆናችሁን አጣርቶ ነበር። ሂድ እንጂ ስለው 'ትንሽ ሰው ልሁንና' ይለኛል። ከዚያ አተኮሰው፤ በዚያው ሞተ። ተፍኪ ወስደን ቀበርነው።»

«ፉሪ?» አለች መሰረት። ፉሪ እዚሁ አፍንጫቸው ሥር ነው፤ በየቀኑ በታክሲ ታልፍበታለች። «ምን ይመስል ነበር?»

«ዝምተኛ ነው። ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል።»

የመሰረት እጅ አፏ ላይ ነበር። እሷም ይህን አሁን ገና አወቀችና እጇን አወረደች። ያን ጊዜ ጩኸቷን ለቀቀችው፤ አፏን ሳትሸፍን፣ ጥርሷን ለማንም ሳትደብቅ። ድንኳኑ ውስጥ ያሉ ሴቶች ለእናቷ መስሏቸው አብረዋት አነሱት።

ጩኸቱ በረድ ሲል «ተፍኪ የት ጋ ነው?» አለች።

«ምልክት አላደረግንበትም» አለ ፍቅረሥላሴ።

መሰረት ወደ ራህመት ዞረች፤ ፖሊስ ናትና ታገኝልኛለች ብላ። ራህመት አጠገቧ ሄዳ ተቀመጠችና እጇን ያዘቻት።